ክትባት ቫይረሱን የት ላይ ይመታል? ከግመሎቻችን የተገኘ ትምህርት

በኡራንም ሆነ በሞያሌ ስለ ኮሮና ክትባት ወሬ ሲነሳ ከተማሪም ከወላጅም የሚመጣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ሌላው ክትባት አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ እየፈጀ፣ ይህኛው እንዴት ባንድ ዓመት ውስጥ ደረሰ? ተጣድፈው የሠሩትን እኛ ላይ ሊሞክሩት ነው እንዴ?» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ልጁን ወይም እናቱን ሊያስከትብ የሚሄድ ሰው ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘው ግን ብዙዎቻችን በማንጠብቀው ቦታ ነው፤ በየበረታችን ካሉት ግመሎች አፍንጫ ውስጥ።

የባዮሎጂ ትምህርት «አንቲቦዲ ከአንቲጅን ጋር ይጣበቃል» ብሎ ባንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልፈውን ነገር ተማሪዎቻችን በሚያውቁት እንስሳ ላይ እንዲያዩት ብዬ ይህን አዘጋጅቻለሁ። ወላጆችም ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ዓመቶቹን የጻፍኩት በኬንያ ትምህርት ቤቶች በምንጠቀምበት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ቀኖቹን እናስተያይ። የአዲሱ ኮሮና ቫይረስ የዘር ቅደም ተከተል በቻይና ሳይንቲስቶች ለዓለም ይፋ የሆነው በጃንዋሪ 2020 ነው። ኬንያና ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ታማሚ ያስታወቁት ደግሞ ባንድ ቀን፣ ማርች 13 ቀን 2020 ነበር፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 4 ቀን 2012። በሦስተኛው ቀን፣ ማርች 16፣ አሜሪካ ውስጥ በሲያትል ከተማ የሞደርና ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሙከራ በሰው ክንድ ላይ ተወጋ። ከድንበሩ በዚህም በዚያም ያለን ሰዎች ገና የበሽታውን ስም በምንለማመድበት ሳምንት ክትባቱ ተሠርቶ ለሙከራ ቀርቦ ነበር ማለት ነው። ከባዶ የተነሳ ሰው ይህን ያህል ሊፈጥን አይችልም። እነርሱም ከባዶ አልተነሱም፤ ልምምዱን የጨረሱት በሌላ ቫይረስ ላይ ነበር።

ሜርስና የማርሳቢት ግመሎች

በ2012 ሳዑዲ አረቢያ ውስጥ፣ በጅዳ ከተማ በከባድ የሳንባ ምች ከሞተ ሰው በተወሰደ ናሙና ውስጥ ግብፃዊው የቫይረስ ሊቅ ዶክተር አሊ ሞሐመድ ዛኪ እስከዚያ ያልታወቀ ኮሮና ቫይረስ አገኙ። በሽታው የመካከለኛው ምሥራቅ የመተንፈሻ አካል በሽታ፣ በአጭሩ ሜርስ ተባለ። ለዓለም ጤና ድርጅት የተመዘገቡት ታማሚዎች ከ2,600 በላይ ሲሆኑ ከመቶው 36 ያህሉ ሞተዋል። በ2015 አንድ ሰው ከአረብ አገር ይዞት ወደ ደቡብ ኮሪያ በተመለሰ ጊዜ ቫይረሱ ከሆስፒታል ሆስፒታል ተዛምቶ 186 ሰዎች ሲያዙ 38ቱ ሞተዋል። ኮቪድ የገደለው ሰው እጅግ ቢበዛም፣ ከተያዘው ሰው ውስጥ የሚሞተው ሲቆጠር ሜርስ የባሰ ነው። ደግነቱ ከሰው ወደ ሰው እንደ ኮቪድ በቀላሉ አይተላለፍም።

ምንጩ ሲፈለግ ባለ አንድ ሻኛው ግመል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ወደ እኛ የመጣው። ተመራማሪዎች ለሌላ ሥራ ተሰብስቦ በማቀዝቀዣ የቆየ የግመል ደም እያወጡ መረመሩ። ከ1983 ጀምሮ በሱዳንና በሶማሊያ፣ ከ1992 ጀምሮ ደግሞ በኬንያ የተወሰደ የግመል ደም ውስጥ ቫይረሱን የሚያውቁ አንቲቦዲዎች ተገኙ። በኢትዮጵያ በ2010 እና በ2011 ከተመረመሩት ትልልቅ ግመሎች ከመቶ 97ቱ ቫይረሱ አግኝቷቸው ያውቅ ነበር። እንግዲህ ለእኛ አካባቢ አዲስ የነበረው ስሙ ብቻ ነው። ቫይረሱማ ሳዑዲ አረቢያ ላይ ሰው ከመግደሉ ሠላሳ ዓመት ያህል አስቀድሞ ከግመሎቻችን ጋር ነበር።

ከሁሉ የሚቀርበን ግን በራሳችን ካውንቲ፣ በማርሳቢት የተደረገው ጥናት ነው። ከኤፕሪል 2018 እስከ ማርች 2020 ድረስ በ33 መኖሪያዎች የሚገኙ 243 የግመል ግልገሎች፣ ሁሉም ከሁለት ዓመት ያልበለጡ፣ በየጊዜው ከአፍንጫቸው ናሙና ይወሰድ ነበር። በድምሩ 4,692 ናሙና ተሰበሰበ። ቫይረሱ የተገኘው በ124ቱ ላይ ነው፤ እነዚህም ከ83 ግልገሎች የመጡ ሲሆን ሁሉም የተያዙት በአንድ ወቅት፣ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር 2019 ባለው ጊዜ ነበር። ከ83ቱ ውስጥ 22ቱ አንዴ ተይዘው፣ ድነው፣ እንደገና ተያዙ። ይህን 22 ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። በዚያው ጊዜ ክትትል ሲደረግላቸው ከነበሩት 262 የግመል እረኞችና ተንከባካቢዎች ደግሞ በሦስቱ ላይ ቫይረሱ ተገኘ። ሦስቱም የሕመም ምልክት አልነበራቸውም። የተያዙበት ጊዜና ቦታ ግን ከግልገሎቹ ጋር ገጠመ፤ ከግመል ወደ ሰው መሻገሩን አጥብቆ የሚያመለክት ነው።

እሾሁ

አሁን ወደ ቫይረሱ አካል እንግባ። ኮሮና ቫይረስ ድቡልቡል ሆኖ ዙሪያውን እንደ እሾህ የቆሙ ፕሮቲኖች አሉት። ሳይንቲስቶቹ «ስፓይክ» ይሉታል፤ እኔ እዚህ እሾህ እለዋለሁ። ቫይረሱ በራሱ መራባት ስለማይችል ወደ ሕዋስ መግባት አለበት። የሚገባው ደግሞ በዚህ እሾህ ነው። እሾሁ ሁለት ክፍል አለው። ጫፉ እንደ ቁልፍ ሆኖ የሕዋሱን በር ይይዛል። ግንዱ ደግሞ በሩ ከተያዘ በኋላ የቫይረሱን ሽፋን ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ያቀላቅላል።

በሩም እንደየቫይረሱ ይለያያል። የኮቪድ ቫይረስ በር ኤሲኢ2 የሚባል ፕሮቲን ነው። የሜርስ በር ዲፒፒ4 ይባላል፤ የተገኘው በ2013 ነው። ዲፒፒ4 በግመል ላይ በብዛት ያለው አፍንጫ ውስጥ ሲሆን፣ በሰው ላይ የሚበዛው ሳንባ ውስጥ፣ ወደ ታች ጠለቅ ብሎ ነው። ግመሉ ንፍጥ ወጥቶት ሲያልፍለት ሰውየው በሳንባ ምች የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቫይረሱ ያው ነው፤ የሚለየው በሩ ያለበት ቦታ ነው።

አንቲቦዲ ሰውነታችን የሚሠራው፣ አንድን ቅርጽ ለይቶ የሚጣበቅ ፕሮቲን ነው። ብዙ ሰው አንቲቦዲ ከቫይረሱ ጋር ከተጣበቀ ነገሩ አበቃ ይመስለዋል። አይደለም። ዋናው የተጣበቀበት ቦታ ነው። ጫፉ ላይ፣ ልክ በሩን በሚይዝበት ቦታ ላይ ከተጣበቀ ቫይረሱ መግባት አይችልም። ጎኑ ላይ፣ ለመግባት በማይጠቅም ቦታ ከተጣበቀ ግን ቫይረሱ ከነአንቲቦዲው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ክትባት ማለት ለሰውነት «እዚህ ጋ ምታ» ብሎ ቦታውን ማሳየት ነው። ኢላማው በትክክል ካልታየ ሰውነት ይደክማል እንጂ አይከላከልም።

ወጥመዱን እንደተወጠረ ማቆየት

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ችግር ነበር። እሾሁ ቅርጹን ይለውጣል። ሕዋሱን ከመንካቱ በፊት እንደተወጠረ ወጥመድ ነው። ከነካ በኋላ ይስፈነጠርና ረጅምና ቀጭን ዘንግ ይሆናል፤ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻውን ተሠርቶ ሲቀመጥ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይስፈነጠራል። አስቡት፤ ለልጃችሁ ወጥመድ ምን እንደሚመስል ስታስተምሩት የምታሳዩት የተስፈነጠረውን ከሆነ፣ ጫካ ውስጥ የተወጠረውን ሲያገኝ አያውቀውም፤ ይረግጠዋል።

ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሞቶበታል። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አርኤስቪ ለሚባለው የሕፃናት የሳንባ ቫይረስ፣ ቫይረሱን በኬሚካል ገድለው ክትባት ሠሩ። የተከተቡት ሕፃናት በኋላ እውነተኛው ቫይረስ ሲያገኛቸው ካልተከተቡት ይልቅ ታመሙ፤ ሁለቱ ሞቱ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሰውነታቸው የሠራው አንቲቦዲ ከቫይረሱ ጋር የሚጣበቅ፣ ግን የማያስቆመው መሆኑ ነበር። ለአርኤስቪ የሚሠራ ክትባት የተፈቀደው በ2023 ነው፤ እርሱም የሆነው ፕሮቲኑን ሳይስፈነጠር አስሮ ማቆየት ከተቻለ በኋላ ነው። ክትባት ጊዜ ይፈጃል የሚለው ሰው ስለዚህ ተሳስቷል አልልም።

በአርኤስቪ ላይ የፕሮቲኑን ቅርጽ የገለጡት ዶክተር ባርኒ ግራሃምና ዶክተር ጄሰን ማክሌላን ቀጥለው ወደ ሜርስ ዞሩ። ከእነርሱም ጋር ኒያንሹዋንግ ዋንግና ኪዝሜኪያ ኮርቤት ነበሩ። የሜርስ እሾህ ከ1,300 በላይ አሚኖ አሲዶች የተሰካኩበት ሰንሰለት ነው። እነርሱ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሁለቱን ብቻ፣ እሾሁ በሚታጠፍበት ቦታ ጎን ለጎን ያሉትን፣ ፕሮሊን በሚባለው አሚኖ አሲድ ተኩ። ፕሮሊን ግትር ነው፤ እንደ ልብ አይታጠፍም። ሁለቱ ፕሮሊኖች መታጠፊያው ውስጥ እንደ ሽብልቅ ገብተው ወጥመዱን እንደተወጠረ አቆዩት። ውጤቱ የታተመው በ2017 ነው። ኮቪድ ገና አልነበረም።

አዲሱ ቫይረስ በጃንዋሪ 2020 ሲመጣ የቀረው ሥራ ሽብልቁን በአዲሱ እሾህ ላይ ተመሳሳዩ ቦታ ማስገባት ነበር። የሞደርና፣ የፋይዘርና የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባቶች ሦስቱም እነዚህን ሁለት ፕሮሊኖች ይዘዋል። በማርች 2021 ወደ ኬንያም ወደ ኢትዮጵያም መጀመሪያ የገባው አስትራዜኔካ ግን ሽብልቁ የለውም፤ በሌላ መንገድ የተሠራ ነው። እርሱም ቢሆን ከባዶ አልተነሳም። ክትባቱን የሚሸከመውን፣ ከዝንጀሮ ዓይነቱ ከቺምፓንዚ የተወሰደውን ጉዳት የሌለው ቫይረስ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለሜርስ አዘጋጅተውት በ2018 በሰው ላይ መሞከር ጀምረው ነበር። በሁለቱም መንገድ ብትሄዱ መነሻው ላይ ሜርስን ታገኛላችሁ። «ባንድ ዓመት እንዴት?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። አንዱ ዓመት የታየው ነው፤ ሌሎቹ ዓመታት ያለፉት ብዙ ሰው ስሙን በማያውቀው በግመል ቫይረስ ላይ ነው።

ጫፉ ሲለወጥ

በኖቬምበር 2021 ከቦትስዋናና ከደቡብ አፍሪካ የተገለጸው ኦሚክሮን እሾሁ ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጥ ይዞ መጣ። ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በሩን በሚይዘው ጫፍ ላይ ነበሩ። የተከተቡ ሰዎች እንደገና መታመማቸውን ያየ ሁሉ «ክትባቱ የማይሠራ ነው» አለ። የሆነው ሌላ ነው። አብዛኛው ጠንካራ አንቲቦዲ የሚያነጣጥረው ጫፉ ላይ ስለሆነ፣ ቫይረሱን ለመለወጥ የሚጠቅመውም እዚያው ነው። ከባድ ሕመምና ሞትን መከላከሉ ግን በአመዛኙ ቀጠለ። ለዚህ ትልቅ ድርሻ ያላቸው ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። እነርሱ የሚያውቁት የእሾሁን ቅርጽ ሳይሆን የቫይረሱን ፕሮቲን ቁርጥራጭ ስለሆነ በጫፉ ለውጥ ብቻ አይታለሉም። ሲንጋፖር ውስጥ በ2003 የሳርስ ወረርሽኝ ታመው የዳኑ ሰዎች ከ17 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ እነዚህ ሕዋሳት አሁንም አብረዋቸው ነበሩ።

ታዲያ ወደፊት የት እናነጣጥር? አንዱ ሐሳብ ግንዱ ላይ ነው። የግመል ሌባ ቃጭሉን ይፈታል፣ ገመዱን ይቀይራል፤ የግመሉን አካሄድ ግን መቀየር አይችልም። ባለቤቱ ከሩቅ በአካሄዱ ያውቀዋል። የቫይረሱም ግንድ እንዲሁ ነው። ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ለመቀላቀል የሚንቀሳቀሰው እርሱ ስለሆነ እንደልቡ ቢለወጥ ሥራው ይበላሻል። ስለዚህ የግንዱ አንዳንድ ቦታዎች በኮቪድ፣ በሳርስና በሜርስ ቫይረሶች ላይ ተቀራራቢ ናቸው። ከኮቪድ ከዳኑ ሰዎች ደም ውስጥ ሦስቱንም የሚያውቁ አንቲቦዲዎች ተገኝተዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ግንዱ በጫፉ ተሸፍኖ ስለሚቆም ለአንቲቦዲ በቀላሉ አይጋለጥም። ሰውነትም ግንዱን የሚመታ አንቲቦዲ የሚሠራው በጥቂቱ ነው፤ የሚሠራውም ጫፉን እንደሚመታው ጠንካራ አይደለም። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች ጫፉን ጨርሰው አስወግደው ግንዱን ብቻ የሚያሳይ ክትባት እየሞከሩ ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ ዘመዳሞቹን ሰብስቦ ባንድ ጊዜ ማሳየት ነው። በ2021 ሲንጋፖር ውስጥ በ2003 ሳርስ ይዟቸው የዳኑ ስምንት ሰዎች የፋይዘርን ክትባት ሲወስዱ፣ ደማቸው ኮቪድንም፣ ሳርስንም፣ በሌሊት ወፍና በሌላ እንስሳ ላይ የሚገኙ ዘመዶቻቸውንም የሚያስቆም ሆኖ ተገኘ። ሰውነታቸው ሁለት የሚመሳሰሉ ፊቶችን በተለያየ ጊዜ ስላየ የጋራ ምልክታቸውን ያዘ ማለት ነው። በአሜሪካ በካልቴክ የፕሮፌሰር ፓሜላ ብዮርክማን ቡድን ይህን ሆን ብሎ ለመሥራት ይሞክራል። ባንዲት ጥቃቅን የፕሮቲን ቅንጣት ላይ የስምንት ቫይረሶችን ጫፍ አሰባጥረው ይሰካሉ። የአንቲቦዲ ሁለት እጆች ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት የተለያዩ ጫፎች ባንድ ጊዜ መያዝ የሚችሉት የጋራ በሆነው ቦታ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያንን የሚያውቅ አንቲቦዲ ይበረታታል። ቅንጣት ላይ ጫፍ መስካት ራሱ የሕልም ነገር አይደለም። በዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ የተነደፈ፣ 60 የኮቪድ ጫፎች የተሰኩበት ክትባት በ2022 በደቡብ ኮሪያ ተፈቅዷል።

ተማሪዎች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ስምንቱ ቫይረሶች ሁሉም የሳርስና የኮቪድ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ሜርስ የሩቅ ዘመድ ነው፤ በሩም ሌላ፣ ጫፉም ሌላ ነው። «ሁሉን አቀፍ የኮሮና ክትባት» የሚል ርዕስ ስታነቡ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ «የትኞቹን ኮሮናዎች?» ብላችሁ ነው። በናይሮቢ ጠረጴዛ ላይ ሁሉን አቀፍ የተባለ ነገር በማርሳቢት በረት ውስጥ ያለውን ላያቅፍ ይችላል።

ግመል ያበረከተው ሌላ ነገር

አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ከርዕሳችን ብዙም አይርቅም። የሰው አንቲቦዲ ከሁለት ዓይነት ሰንሰለት፣ ከከባዱና ከቀላሉ ተጋጥሞ የተሠራ ነው። በ1993 የብራስልስ ተመራማሪዎች በግመል ደም ውስጥ ቀላሉ ሰንሰለት የሌለበት ሌላ ዓይነት አንቲቦዲ እንዳለ አሳተሙ። ግመልና የደቡብ አሜሪካው ዘመዱ ላማ በዚህ ከሌላው አጥቢ እንስሳ ይለያሉ። የዚህ አንቲቦዲ መያዣ ጫፍ በጣም ትንሽ ስለሆነ የእኛው አንቲቦዲ የማይደርስበት ስርጉድ ውስጥ ይገባል። ቤልጂየም ውስጥ ዊንተር የምትባል ላማ የሳርስንና የሜርስን እሾህ ተወግታ ከሠራችው አንቲቦዲ አንዱ በ2020 የኮቪድንም እሾህ እንደሚይዝ ታወቀ። እንዲህ ያለ አንቲቦዲ የሚጠቅመው ለመድኃኒት ብቻ አይደለም። የተጣበቀበትን ቦታ ስታዩ፣ ቫይረሱ ሊለውጠው የማይደፍረውን ቦታ ካርታ ላይ እንዳገኛችሁት ያህል ነው።

ሃያ ሁለቱ ግልገሎች

አሁን ያዙልኝ ወዳልኩት ቁጥር ልመለስ። 22 ግልገሎች ድነው እንደገና ተያዙ። እውነተኛው ቫይረስ ራሱ ሙሉ ጥበቃ ካልሰጠ ክትባት ምን ሊያደርግ ነው? ነገሩ ያለው ደም ውስጥና አፍንጫ ውስጥ ባለው ልዩነት ላይ ነው። በክንድ የሚሰጥ ክትባት ብዙ አንቲቦዲ የሚያመርተው በደም ውስጥ ነው። ይህ ሳንባን ይጠብቃል። አፍንጫ ግን የራሱ ጠባቂ አለው፤ በንፍጥ ውስጥ የሚገኝ ሌላ ዓይነት አንቲቦዲ ነው፤ እርሱም ቶሎ ይቀንሳል። የግመል ቫይረስ ደግሞ የሚራባውና ወደ እረኛው የሚመጣው ከአፍንጫ ነው። ስለዚህ ለግመል የሚሠራ ክትባት አፍንጫውን መድረስ አለበት።

ተሞክሯል። በ2016 የሆላንድ፣ የጀርመንና የስፔን ተመራማሪዎች የሜርስን እሾህ ጉዳት በሌለው የፈንጣጣ ዘመድ ቫይረስ አሸክመው ለግመሎች በአፍንጫም በጡንቻም ሰጡ። ኋላ በቫይረሱ ሲፈተኑ ከአፍንጫቸው የሚወጣው ቫይረስ ካልተከተቡት ግመሎች እጅግ አነሰ። በሳዑዲ አረቢያም በኦክስፎርዱ መንገድ የተሠራው ክትባት በግመሎች ላይ ተሞክሮ ቫይረሱንና ንፍጡን ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አላጠፋም። የእኛ አካባቢ ቫይረስ ከአረብ አገሩ ለየት ያለ ዘር ነው። ሆኖም ኢትዮጵያን ጨምሮ ከአፍሪካ አገሮች ግመሎች የተወሰደው ቫይረስ ሲፈተሽ አንቲቦዲ ሁለቱንም በተመሳሳይ መልኩ ያውቃቸዋል፤ ስለዚህ በዚያኛው እሾህ የተሠራ ክትባት ለዚህኛውም ተስፋ አለው።

እዚህ ላይ ጥያቄው ከላቦራቶሪ ወጥቶ የእኛ ይሆናል። ግመሉ በሜርስ አይሞትም፤ ወተቱም አይደርቅም። ባለ ግመሉ ለማያየው በሽታ ለምን ገንዘብ ያወጣል? መንግሥትስ ከውኃው፣ ከድርቁና ከሌላው የከብት በሽታ አስቀድሞ ለዚህ በጀት ይመድባል ብዬ አላምንም። ወደ ሰሜን ተሻግሮ በኢትዮጵያ በኩል ወደ አረብ ገበያ የሚሄደው ግመል ክትባት ይጠየቅ ቢባል እንኳ ወጪው የሚያርፈው በእረኛው ላይ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ።

በ2016ቱ ሙከራ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ታይቷል። ተሸካሚው ቫይረስ የፈንጣጣ ዘመድ ስለሆነ በተከተቡት ግመሎች ደም ውስጥ የግመል ፈንጣጣን የሚያስቆም አንቲቦዲም ተገኘ። የግመል ፈንጣጣ ደግሞ እያንዳንዱ ባለ ግመል የሚያውቀው፣ ግልገል የሚገድል በሽታ ነው። በአንድ መርፌ ሁለቱ ቢመጡ ሰውየው የሚከፍለው ለሚያየው በሽታ ነው፤ የሜርሱ አብሮ ይሄዳል። በእኔ አስተያየት ክትባቱ በእኛ አገር ተቀባይነት የሚያገኝበት መንገድ ቢኖር ይህ ነው።

ለሰውም ለግመልም በሰፊው አገልግሎት ላይ የዋለ የሜርስ ክትባት እስካሁን የለም። እስኪመጣ ድረስ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ቀላል ነው። ግመል ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፤ ንፍጥ የሚወጣውን ግልገል ከፊታችሁ አርቁ፤ የስኳር፣ የኩላሊት ወይም የቆየ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ያልፈላ የግመል ወተት አይጠጡ። ጥሬ ወተት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለሽማግሌ ወተት አፍልቶ ማቅረብ ለአንዳንዱ ስድብ ሊመስል ይችላል። ቢሆንም ከሽማግሌዎቻችን መካከል ስኳር ያለባቸው ጥቂት አይደሉም። በየቤቱ ወተቱን የሚያልቡትና የሚያቀርቡት ልጆቻችን ስለሆኑ፣ ከጓዳ ከመውጣቱ በፊት ለእነዚያ ሰዎች ብቻ ለይታችሁ አፍሉላቸው።